የእኛ ሰው አይደሉም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህችን ዘልዬአታለሁ። ለማታውቀኝ ለአንተ ግን ልናዘዝ። እኔ ሰው አሳስሬአለሁ፤ በአንዲት ቃል።

ቀልደኛ ነበርኩ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር ቡራዩን ያመሳት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ቲያትር ቤቶች «እናንተ አፋችሁ አያርፍም» ብለው የመለሱን ልጆች ተሰባስበን፣ በአንድ እንጨት ሥራ ቤት ግቢ ውስጥ የራሳችንን ፌስቲቫል አዘጋጀን። ሰጋቱራውን ጠርገን፣ ጣውላ ደርድረን መድረክ አልነው። እኔ የመሬት ቀያሽ ሆኜ ነበር የምጫወተው። ሜትር ይዤ ተመልካቹን እየለካሁ፣ ወንበርዎ መንገድ ሊወጣበት ነውና ይነሱ እላለሁ። ቀልዱ ሲቀዘቅዝብኝ ደግሞ ከተመልካች አንዱን ጎትቼ የማውጣት ልማድ ነበረኝ። ሰዉም የወጣው ሁሉ ከእኛ ጋር ተለማምዶ የመጣ ይመስለው ነበር።

ያን ቀን ቀዘቀዘብኝ። ከኋላ የማይስቁ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ከፊት ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ተቀምጠዋል። የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። መሬታቸው መወሰዱን እያወቅሁ፣ መሬትዎን ልለካልዎ ብዬ እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው።

በእሳቸው ወግ ሽማግሌ በሰው ፊት ተጠርቶ ከቆመ መርቆ ይጀምራል፤ የሚናገረውም እውነቱን ነው። እኔ ለሳቅ ጠራኋቸው፣ እሳቸው ለቁም ነገር ወጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በኦሮምኛ መረቁ። ከዚያ የአባታቸው ማሳ እንዴት እንደታጠረ፣ ማን መጥቶ ምን ብሎ እንዳስፈረማቸው፣ የሰውየውን ስም ጭምር ተናገሩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኚህን የመሰለ ተዋናይ ከየት አመጡ ይባባላል። እኔስ ምን አደረግሁ? ከኋላቸው ቆሜ ቁመታቸውን በሜትር እየለካሁ ሳቁን አባባስኩት።

ሲያልቅ ሁለቱ ሰዎች መጡ። አንደኛው ረጋ ብሎ፣ «ሰውየው ከቡድናችሁ ናቸው?» አለኝ።

አዎ፣ ተዋናያችን ናቸው፣ የተናገሩትን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብል ምን ነበረበት? ግቢው ሙሉ ሰው ይመሰክርልኝ አልነበር? ምናልባት እኔን ወስደው በጥፊ ብለው ይለቁኝ ነበር። ምናልባትም አይለቁኝም ነበር። እኔ ግን፣ «የእኛ ሰው አይደሉም፤ ራሳቸው ናቸው የወጡት» አልኩ።

ራሳቸው! እጃቸውን ይዤ ያወጣሁ እኔ! ጠያቂዬ እኮ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገብኝም። ፒካፕ ላይ ሲጭኗቸው እግሬ ከጣውላው አልነቀል አለኝ። አፌም እንደዚያው። ያ የማያርፍ አፌ።

ክረምቱ አልፎ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ተፈቱ። የቀረቻቸው ቁራሽ ማሳ የሚያርሳት አጥታ ጾም አድራ ነበር። ልናዘዝ ሄድኩ፤ ማርያምን፣ ልናገር ነበር የሄድኩት። ከስተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ገና ሳያስቀምጡኝ ቀደሙኝ።

«አንተንም ወሰዱህ ብዬ ስሰጋ ነበር» አሉኝ። «ማን ተናገር ብሎ አወጣህ እያሉ አስጨነቁኝ። ማንም አላወጣኝም፣ ራሴ ነኝ የወጣሁት አልኳቸው።»

እኔ ራሴን ላድንበት ያልኩትን እሳቸው እኔን ሊያድኑበት ብለውታል። ቀጥለውም፣ «ግን ልጄ፣ ያን ቀን ሰዉን ያሳቀው ምን ነበር?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣሁም፤ ይህ ግን ለማን ይጠቅማል? ፈሪ ነበርኩ፤ ጊዜው ክፉ ነበር ብዬ አላመካኝም። ያንተንም ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር የሚሉት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ይቅር የሚሉት ነገር መኖሩን አያውቁም። ዛሬ ጠዋትም በአጥሩ በኩል፣ «አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ደህና አድሬአለሁ አልኩ።