ቀዩ ነጥብ ያለበት ወንበር

ከሚሴ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። እያንዳንዱ መጽሐፍ የት እንዳለ የሚያሳይ የአዳራሹ ካርታ ስልኬ ላይ ከተጫነ ወዲህ ለሁሉም ካላሳየሁ አላርፍም ነበር። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ካለ በቦታው አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ አንባቢ ወስዶት ከሆነ ደግሞ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ቀይ ይበራል።

አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት የመጡ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። "አካም ጅርታ" ብለው ሰላምታ ካቀረቡልኝ በኋላ፣ "ልጄ፣ የመሬት ሕግ መጽሐፍ ፈልጊልኝ። ነገ ከጎረቤቴ ጋር በወሰን ጉዳይ ፍርድ ቤት እንቆማለን" አሉኝ።

ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ስፈልገው ቀዩ ነጥብ ጥግ ያለው ወንበር ላይ በራ። እኔ ሞኟ፣ ስልኬን ከፊት ከፊት ይዤ መራኋቸው።

ወንበሩ ላይ ሌላ ሽማግሌ መጽሐፉ ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። አስከትያቸው የመጣሁት ሰውዬ ድንገት ቆሙ።

"ወላሂ፣ እሱ ራሱ ነው" አሉ። ዱላቸውን ጠበቅ አድርገው ጨበጡ።

አንባቢው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ጎረቤትየው ግን ቀናም አላሉ፣ ገጽም አልገለጡ። ዱላው ከተነሣ የማስቆምበት አቅም እንደሌለኝ እያወቅኩ መሀላቸው ገባሁ።

"አባባ፣ እባክዎን፣ አንብበው ሲጨርሱ ለእኚህ ይሰጧቸዋል?" አልኩ።

ጎረቤትየው መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

"እኔ ማንበብ መች እችላለሁ" አሉኝ። "ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት እሱ እንዳያነበው ነው።"