የወርቅአየሁ ራስ ምታት

ወርቅአየሁ አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል መቸርቸር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን፣ አንድ በርና አንዲት ጠባብ መስኮት ባለው የኪራይ ቤት ነው። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ብርዱ ስለበረታባት መስኮቷን በጨርቅ ደፍና፣ ከሰል እያቀጣጠለች ቤት ውስጥ መሞቅ ጀመረች። ሰኔን ሙሉ ራሷን አመማት። ጉልበቷም ከዳት። የምትነግረው ሰው ስላልነበራት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስርና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ገበያ አልወጣችም። በየሳምንቱ ጆንያዎቿን የሚያመላልስላት ባለባጃጁ ቢሻው ጠብቆ ጠብቆ ስትቀርበት ቤቷ ድረስ ሄዶ በሩን አንኳኳ። መልስ የለም። ገፋ አድርጎ ሲገባ ወርቅአየሁ መደቡ ላይ ተዘርራለች፤ ከሰሉ አጠገቧ ፍም ሆኗል። ተሸክሞ አወጣትና በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሳት።

ነርሷ ሃና የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ አደረገችላት። ዘጠና ስምንት አለ።

“ኦክስጅኗ እኮ ደህና ነው” አለች ግራ ገብቷት።

ጤና መኮንኑ ይኸነው ግን ቁጥሩን አላመነም። “የት ነው ያገኘሃት?” ሲል ቢሻውን ጠየቀው።

“ቤቷ ውስጥ፤ ከሰል ተያይዞ፣ በሩ ተዘግቶ።”

ይኸነው ወዲያው የኦክስጅን ጭምብል አደረገላት። “መሣሪያው ተሳስቷል” አላት ሃናን። “የከሰል ጋዝ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለየውም።”

ከሰዓት በኋላ ወርቅአየሁ ነቃ ስትል ምን እንደነካት ጠየቀች። ይኸነው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

“እትየ ወርቅአየሁ፣ ደምዎ ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ሳንባ ላይ ኦክስጅን ይይዛል፤ ኦክስጅን ወዳነሰው የሰውነት ክፍል ሲደርስ ደግሞ ይለቀዋል። የከሰሉ ጋዝ ግን ቦታውን ይቀማዋል፤ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ይባስ ብሎ የቀረውን ኦክስጅን ሄሞግሎቢኑ አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። ደምዎ ኦክስጅን ይዞ እየዞረ ልብዎና አእምሮዎ ያጣሉ።”

“ሽታ እንኳ አልነበረውም” አለች ቀስ ብላ።

“የለውም። ሌላ ሰው አብሮዎት ቢኖር ኖሮ፣ ሁለታችሁንም ሲያማችሁ ትጠረጥሩ ነበር።”

ወርቅአየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሃና ካርዱን ስትሞላ የቅርብ ሰው ስልክ ጠየቀቻት። ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ሸጋ፣ አግብታ ፓዌ ሄዳለች፤ ስትደውልላት ኔትወርክ አይገኝም። ወርቅአየሁ ብዙ አሰበችና የቢሻውን ቁጥር ሰጠች።

“ምንዎ ነው?”

“ጆንያ ይጭንልኛል።”

በማግስቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መስኮቷን ከፈተች፤ ከሰሉንም ከዚያ ወዲህ ደጅ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ታቀጣጥላለች። ራስ ምታቱ በሳምንቱ ለቀቃት። ቤቱ ግን በረዶ ሆነባት፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ ጋቢዋን ተከናንባ እዚያው ደጅ ትቀመጣለች። መንገደኛው “እንዴት ዋልሽ?” ይላታል። “እግዚአብሔር ይመስገን” ትላለች። እሱም ያልፋል።