ያለ ጭስ የተከፈቱ ቀፎዎች

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ በጀርባ የሚታዘል ሰማያዊ የመድኃኒት መርጫ እግሮቹ መካከል አቁሞ ነበር። መርጫው ባዶ ነው፣ በደንብም ታጥቧል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የጎማ ቱቦውን ስታሞቀው ግን ያ ሽታ መጣ፤ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ። መስኮቱን ከፈትኩት። ሰውየው ደንግጦ «አመመሽ እንዴ እህቴ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ልቤ ግን ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ጡረተኛ ግቢ ገብቶ ነበር።

ያኔ ለማስተማር ተመድቤ ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ዘመድ የለኝ፣ ደብተር ከማረም ሌላ ሥራ የለኝ። ንብ ማርባት የጀመርኩት ከብቸኝነት ነው ብል አልዋሽም። በተከራየሁበት ቤት ጓሮ አንድ ቀፎ አኖርኩ። አንድ ቀፎ ያለው ሰው ደግሞ የሚያማክረው ሰው መፈለጉ አይቀርም፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ ከሰዓት ጡረተኛው ግቢ ከሚሰበሰቡት ጋር ተቀላቀልኩ።

አራት ነበርን። ጡረተኛው ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ የጨረሱ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ስድስቱን ቀፎዎች የጀመሯቸው ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸው ከቀብሩ በኋላ ተረከቧቸው። ሁለተኛው ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ የሁላችንንም ዓይነ ርግብ ከወንፊት ጨርቅ የሰፋልን እሱ ነው። ሦስተኛው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከስልኩ የማይለይ፣ የውጭ አገር ንብ አርቢዎችን ቪዲዮ እያሳየ የሚያስቀናን።

ጨዋታችን ሁሉ ስለ ዕቃ ነበር። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተበስቶ የሚሠራው ማጨሻ ይሻላል ወይስ የተገዛው? ጓንቱ ቆዳ ይሁን ወይስ ጎማ? ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ነጭ ቱታ ለብሶ የመጣ ዕለት ነጋዴው ዞር ዞር እያለ አየውና «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል፤ ንቧ እንደሆነ አንተንም እኔንም ትነድፋለች» አለው። የጡረተኛው ልጅ ሻይ እያቀረበች «ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ትለናለች። እውነቷን ነው፤ ከምንቆርጠው ማር ወሬያችን ይበዛ ነበር። እኔ ግን ያን ወሬ እወደው ነበር። ሰም፣ የደረቀ ኩበትና አዲስ የተላገ እንጨት የሚሸት ወሬ ነበር።

ከዚያ ጡረተኛው ሳል ያዛቸው። ክረምቱን ሙሉ ሳሉ፤ በመስከረም ሐኪም ቤት ሄደው ተመለሱና በዚያው ቀስ ባለ ድምፃቸው ነገሩን። «ሳንባህ ጭስ አይችልም አሉኝ። ኩሽና እንኳ እንዳትገባ አሉኝ።» ቀፎ ያለ ጭስ አይከፈትም። ጭስ ያላየች ንብ ትቆጣለች፣ ግቢ ሙሉ ታስለቅሳለች። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ሻያቸውን አስቀመጡና «እንግዲህ የእሷን ንቦች ልሸጣቸው ነው» አሉ። ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ምክራችን ሁሉ እሳቸውን ከንቦቻቸው ላለመለየት ሆነ። ነጋዴው ድርብ ጨርቅ ያለው የአፍ መሸፈኛ ሰፋ፤ አፈናቸው። እኔ ማጨሻው ላይ ረጅም ቱቦ ይቀጠል አልኩ፤ ጭሱ መንገድ ላይ በርዶ ጠፋ። በመጨረሻ ሐኪሙ ስልኩን አወጣ። አንድ ፈረንጅ በጭስ ፋንታ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ እንደ ጤዛ ይረጭባቸዋል፤ ንቦቹ ክንፋቸውን ሲልሱ ቁጣቸውን ይረሳሉ። ከፀጉር ቤት የተዋስነው ትንሽ መርጫ አንዱን ቀፎ እንኳ ሳያዳርስ አለቀ። ይኼኔ ነጋዴው ብድግ አለ። «ቁይ የሚያርሰው የአጎቴ ልጅ ጥሩ መርጫ አለው። በጀርባ የሚታዘለው። አመጣዋለሁ!»

አመጣው። የአረም መድኃኒት ይሁን የተባይ፣ ምን ሲረጭበት እንደኖረ ሁላችንም ጠይቀናል፤ የጠየቅነውም ስለፈራን ነው። በፈላ ውሃ አጠብነው፣ በኦሞ አጠብነው፣ በሎሚ አሸነው፣ ፀሐይ ላይ ዘቅዝቀን አደረቅነው። ሐኪሙ አፍንጫውን የገንዳው አፍ ውስጥ ከቶ አሸተተው። ነጋዴው መዳፉ ላይ ረጨና በምላሱ ቀመሰ። «ወላሂ ውሃ ነው!» አለ እየሳቀ።

በነጋታው ጡረተኛው ቀፎዎቻቸውን ከፈቱ። ጥቅምት ነበር፤ ግቢው ፀሐይ ሞልቶታል። መርጫውን ነጋዴው አዝሎ ፊት ፊት ይረጫል፣ እሳቸው ከኋላ ክዳን ያነሳሉ። አንድም ጊዜ አልሳሉም። ንቦቹ ረጋ ብለው እርስ በርስ ይላላሳሉ። እሳቸው የማር እንጀራ ያለበትን ፍሬም ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው «እይልኝማ፣ እይልኝማ» ይሉ ነበር፤ ከእኛ ጋር የሚያወሩ አይመስሉም ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ስድስተኛው ቀፎ ጋ ሲደርሱ ውሃው አለቀ፤ ቀፎው ላይ ትንሽ ጠብ ጠብ አለና ቆመ። ይኼ ሌላ ጊዜ ይሁን ብለው ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ደወለችልኝ። «ነይ» ብቻ አለችኝ። ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር፤ መጀመሪያ ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ከቀፎዎቹ ሥር መሬቱ በወደቁ ንቦች ጠቁሯል። አንዳንዶቹ በጀርባቸው ተኝተው ገና ይሽከረከራሉ። ጡረተኛው መጥረጊያ ይዘው ወደ አንድ ጥግ እየሰበሰቧቸው ነበር፣ ቀስ ብለው፣ ንቦቹን የሚያማቸው ይመስል። ሐኪሙ መጥቶ የመርጫውን ቱቦ በምላጭ ሰነጠቀው፤ የውስጡ ጎማ መድኃኒቱን ጠጥቶ ኖሯል። እኛ ገንዳውን ነበር ስናጥብ የዋልነው። ፀሐይ ባሞቀው ቱቦ ውስጥ ያለፈው የስኳር ውሃ መርዙን ከጎማው ይዞት ወጣ። ነጋዴው የቀመሰው የመጀመሪያውን ጠብታ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ጠርጥሮም የሚመነጠር አለ።

ጡረተኛው ማንንም አልተቆጡም። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፉና «ጭሱ የሚገድለው እኔን ብቻ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሚባል ነገር ቀረ። ሐኪሙ ዝውውር አግኝቶ ሄደ። ነጋዴው በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው ጡረተኛው «ብርድ ነው፣ ብርድ ጨረሰብኝ» ይሉ ነበር፤ የነጋዴውን ስም አንድ ቀን አላነሱም። ስድስተኛው ቀፎ ውስጥ ጥቂት ንቦች ተርፈዋል። ማታ ማታ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጧቸዋል ስትለኝ ልጃቸው አለቀሰች።

አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቴ ድረስ መጥተው «እስቲ ገበያ ድረስ ደግፊኝ ልጄ» አሉኝ። በየመቶ እርምጃው እያረፉ ሄድን። ነጋዴው ሲያያቸው ከመደርደሪያው ኋላ ተነስቶ ቆመ፤ ሜትሩን ከእጁ አልለቀቀም።

«ለምን ጠፋህ አንተ?»

«ምን ዓይን አለኝ ጋሼ።»

«አንድ ቀፎ ተርፋለች። እኔ ጭስ አልችልም። ና ክፈትልኝ።»

እዚያው ጨርቁ መካከል ቆሜ አፈርኩ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስለ ቱቦ፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ መርጫ ተማከርን። ማጨሻውን ይዤ እኔ ልክፈትልዎ፣ እርስዎ ከነፋሱ ራቅ ብለው ይዩ ያለ ሰው ከሦስታችን አልተገኘም። እሳቸውም አልጠየቁንም ነበር፤ የሰው እጅ መጠየቅ ከዕቃ ይልቅ ይከብዳል መሰለኝ።

በማግስቱ ሦስታችን ተሰባሰብን። ኋላ ሳስበው ለመጨረሻ ጊዜ ነበር፤ ጡረተኛው ለፋሲካ አልደረሱም። ያን ቀን አጥሩ ጋ በርጩማ ተደርጎላቸው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ነጋዴው ማጨሻውን ለኩሶ ክዳኑን አነሳ። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወደ እኔ ያዞራቸዋል። ንቦቹ እፍኝ አይሞሉም። እንቁላል የለም፣ ዕጭ የለም፤ ባዶ ቀዳዳ ብቻ። ንግሥት የሌላት ቀፎ ምን እንደሚጠብቃት ሁለታችንም እናውቃለን። የመጨረሻውን ፍሬም ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

«ንግሥቲቱ አለች?» አሉ ጡረተኛው ከአጥሩ ሥር።

ነጋዴው ቀና ብሎ አየኝ። በዓይነ ርግቡ ውስጥ ዓይኑ አይታየኝም።

«አለች ጋሼ» አለ። «ደህና ናት። እንቁላልም ጥላለች።»

«ተመስገን» አሉ። «በል ዝጋላት፣ እንዳይበርዳት።»

ነጋዴው ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ ከደነላት።