ለሐጂ እንድሪስ የዋሸሁት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እፊታቸው ተንበርክኬ የተቆጣሁትን፣ ያማሁትን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬላቸዋለሁ። ይህን ግን ምላሴ ላይ ደርሶ ስንቴ ዋጥኩት! ንስሐ የገባሁ መስዬ ተነሥቼ እወጣለሁ። መምሰል ሥራዬ ነው፤ እናንተም የምታውቁኝ በዚሁ ነው።

ስሜ ሰላማዊት ነው። ብዙዎቻችሁ ግን «ሚጢ» ነው የምትሉኝ። እዚሁ ጎንደር በተቀረጸው ተከታታይ ድራማ ላይ አንደበቷ የማያርፈውን ታናሽ እህት የሠራሁት እኔ ነኝ። ታላቂቱን እህት የሠራችው ዘሃራ ናት፣ የሐጂ እንድሪስ ልጅ። ስንጀምር እኔ አሥራ አራት፣ እሷ አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እህትማማች ሆነን ሠራን። ከካሜራ ውጭም እንደዚያው ነበርን።

እኔ የድብ ባሕር ገጠር ልጅ ነኝ፤ ጎንደር የመጣሁት አክስቴ ቤት ሆኜ ልማር ነው። አክስቴ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለምትውል ከትምህርት ቤት ስወጣ የምገባው ዘሃራ ቤት ነበር። አባቷ አራዳ ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ መኖሪያቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። እናቷ እትዬ ከድጃ የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለሚያውቁ ለእኔ ብለው ለብቻ ድስት ገዝተው ነበር። የእኔ ሽሮና ምስር በዚያ ድስት ብቻ ይሠራል፤ ሌላ ነገር አይገባበትም። እንግዳ ቢበዛ፣ ዕቃ ቢያንስ እንኳ ያቺን ድስት የሚነካ አልነበረም። የበደልኩት እንዲህ ያለውን ቤት ነው።

ሐጂ ልጃቸው እንድትተውን ሲፈቅዱ ሁለታችንንም ሱቃቸው ውስጥ አቁመው፣ «ሥራውን አልጠላውም። ክብሯን የሚነካ ነገር የመጣ ዕለት ግን በቃ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺም ልጄ ነሽ። እሷ ለመናገር ብታፍር አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

«እሺ ሐጂ» አልኩ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ድራማው አለቀ፣ እኛም አደግን። ሌላው ሰው ግን ማደጌን አልሰማም። ሃያ ዓመት አልፎኝ ፒያሳ ላይ ስሄድ ሕፃናት «ሚጢ! ሚጢ!» እያሉ ይከተሉኛል። የባጃጅ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ሚጢዬ፣ እህትሽን የት ጣልሻት?» ይለኛል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ እየቆየ ጥርሴን ነክሼ የምስቀው ሳቅ ሆነ። ለትወና ሥራ ስፈተን ከእኔ ቀድማ የምትገባው ሚጢ ናት። ለነርስ ተፈትኜ ለተማሪ ትሆኛለሽ ተባልኩ። አንድ ጊዜ ልጇ የሞተባት እናት ሆኜ ሳለቅስ ፈታኙ ሳቁ አመለጠውና፣ «ይቅርታ፣ ሚጢ ስታለቅስ ትዝ ብላኝ ነው» አለኝ። አጭር ነኝ፣ ጉንጬም ሙሉ ነው፤ ምን ላድርገው? ዘሃራ ግን ቁመቷ ተመዘዘ፣ ድምፅዋ ረጋ፤ ክፍል ስትገባ ሰው ወሬውን ያቆማል። ቀናሁባት። መቅናት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ብዕር አላነሣም ነበር።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። ዳዊት የሚባል አዘጋጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ባሏ ሞቶባት መሬቷን ላለማስነጠቅ ራሷ እርፍ ጨብጣ ስለምታርስ የደጋ ሴት ፊልም ሊሠራ ተዋናይት ይፈልግ ጀመር። ሁለታችንንም ፈተነን። በሦስተኛው ቀን እኔን ለብቻዬ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለ አንድ ሻይ ቤት ጠራኝና ዋናዋን ሴት ለዘሃራ እንደሰጣት፣ እኔ ግን የጎረቤቷን ልጅ እንድሠራ እንደሚፈልግ ነገረኝ።

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» አልኩት።

«አሥራ ስድስት። አትቀየሚኝ ሰላም፤ ትወናሽ ሸጋ ነው፣ ፊትሽ ግን ገና ሚጢ ነው። ዘሃራ ባትኖር ኖሮ አንቺኑ እሞክር ነበር።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ባይጨምር ኖሮ ያን ሁሉ አላደርግም ነበር እያልኩ ስንት ዓመት በእሱ ላሳብብ ሞከርኩ! እሱ አንድ ቃል ተናገረ። ቃሏን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ዘሃራ ኮሌጅ እንደሆነች እያወቅሁ፣ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አፌ አዳልጦኝ አይደለም፤ መንገዱን ሙሉ አስቤበታለሁ። «ጽሑፉን አምጪና ይታይ ቢሏትስ?» ብዬ አሰብኩ፤ ለዚያም መልስ አበጀሁ። ሐጂ ጨርቅ እየለኩ ነበር። ገበያተኛዋን ሸኝተው በርጩማ ሳቡልኝ።

«ምነው ልጄ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ስለ ዘሃራ ነው ሐጂ። ካየሽ ንገሪኝ ብለውኝ ነበር።»

ከዚያ ዋሸሁ። ፊልሙ ላይ ልብሷን አውልቃ ባሏን ሆኖ ከሚሠራው ሰው ጋር አልጋ ላይ እንደምትታይ ነገርኳቸው። «ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ሲቀረጽ ነው የሚጨምሩት። እሷም አታውቅም፤ እነሱ ሲነጋገሩ ሰምቼ ነው» አልኳቸው። አለቀስኩም። እንባዬ ሲወርድ በሆዴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ይህኛው የሚጢ ለቅሶ አይደለም» አልኩ። አዎ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ እኒያን ሰው እየገደልኩ፣ ትወናዬን አደነቅሁ።

ሐጂ የመለኪያውን ሜትር ቀስ ብለው ጠቀለሉ። «አንቺ እንደነገርሽኝ አልነግራትም፤ እንዳትቀየምሽ» አሉኝ። «አላህ ይስጥሽ ልጄ። እህት ማለት እንዲህ ነው።»

ተመርቄ ወጣሁ። በውሸቴ ምርቃት ተቀብዬ!

ከሁለት ቀን በኋላ ዘሃራ ዓይኗ አብጦ አክስቴ ቤት መጣች። «አባባ ልቤ አልፈቀደም አለኝ፤ ሌላ ቃል አይወጣውም» አለችኝ። «ጽሑፉን ላንብብልህ ስለው ወረቀት ምን ይነግረኛል አለ። ሰላም በሞቴ አንቺ አናግሪልኝ፤ አንቺን ይሰማሻል።» እሺ አልኳት። ሁለት ቀን ቆይቼ «እምቢ አሉኝ» አልኳት። አልሄድኩም ነበር።

አባቷን ረግጣ ማለፍ ትችል ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። «አባቴን አስከፍቼ የምሠራው ሥራ በረካ የለውም» አለችና ለዳዊት ደወለችለት። «ሰላምን ሞክራት» ብላ የለመነችልኝም እሷው ናት።

ደባርቅ አካባቢ ሁለት ወር ቀረጽን። ፀሐይና ቁር ፊቴን አከሰለው፣ ጉንጬ ጎደለ። እርፍ አያያዝ የሚያስተምሩኝ አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ ድራማችንን አይተውት አያውቁም። አንድ ቀን ትልሜን አይተው «አንች ሴት፣ ስንት ልጅ አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ተመኝቼዋለሁ! በዚያ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዘሃራ ትዝ አላለችኝም። ሲያሳፍረኝ ከሚኖረው ሁሉ ያ ደስታ አይተናነስም።

ሚስቲቱ ከባሏ ጋር የምትታየው፣ ባሏ ሳይሞት በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከእርሻ ሲመለስ እግሩን ታጥበዋለች። ቀሚሴ ቁርጭምጭሚቴን ይሸፍን ነበር።

ፊልሙ ጎንደር ሲታይ ሐጂ መጡ። በዕድሜያቸው ሲኒማ ቤት ገብተው የማያውቁትን ሰው «ለሰላም ሲባል» ብላ ያመጣቻቸው ዘሃራ ናት። ሲያልቅ ሰው ከቦኝ ፎቶ አብሮኝ ሲነሣ፣ ዘሃራ እየገፋች ደረሰችና አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። «ጠፋች እኮ! ሚጢ ጠፋች!» አለችኝ፤ በእኔ ደስታ ተደስታ። ከዚያ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። ሐጂ ሰው እስኪቀል ጠበቁና ቀረብ አሉኝ።

«ያ የነገርሽኝ ነገር ተቆርጦ ወጣ እንዴ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቁጣ አላየሁባቸውም። መውጫ እየሰጡኝ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። «ዋሽቼዎት ነው ሐጂ» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይበቃ ነበር?

«አዎ፣ ተቆርጧል» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። «ልጄ» አላሉኝም። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ሱቃቸው ስገባ ይነሡልኛል፣ በርጩማ ይስቡልኛል፣ እንደ እንግዳ ያከብሩኛል። ያ ክብር ከስድብ ይልቅ አቃጠለኝ፤ መሄዱንም ቀስ በቀስ ተውኩት።

ሐጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ ታመው ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ ዘሃራ ከሴቶቹ መካከል እጄን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ሊሞት ሰሞን ‹ያንን ፊልም የከለከልኩሽን ይቅር በይኝ› አለኝ» አለችኝ በጆሮዬ። «‹ምን አይተህ ነበር አባባ?› ስለው ‹ሳላጣራ ፈረድኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው› አለ። ሌላ አልጨመረም። ምኑን ነው ያላጣራው? አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ። እጇ እጄ ውስጥ እንደነበረ «የለም» አልኩ።

ዛሬ ዘሃራ መምህርት ናት። ከዚያ ወዲያ ካሜራ ፊት አልቆመችም፤ የልጆች ድራማ ክበብ ግን ታስተምራለች። ባለፈው ወር «ነይና ልጆቼን አነጋግሪልኝ» አለችኝና ሄድኩ። ከልጆቹ መካከል በማስታወቂያ የታወቀች አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ እጇን አወጣች።

«ሰው ሁሉ በልጅነት ገጸ ባሕሪዬ ስም ነው የሚጠራኝ» አለች። «እርስዎ ከሚጢ እንዴት ወጡ?»

ዘሃራ ከኋላ ተቀምጣ ፈገግ ብላ ታየኛለች።

«በትዕግሥትና በትጋት» አልኳት።

ልጅቷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ቀድማ ያጨበጨበችው ዘሃራ ናት።

ያን ጭብጨባ መሸከም አቃተኝ። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

«ልጅነት ነው» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ያን ሰሞን ልጅ አይደለሁም እያልኩ ከዓለም ጋር ስጣላ ነበር የከረምኩት። ታዲያ ለሥራው ትልቅ ሴት፣ ለኃጢአቱ ልጅ ልሁን? ትልቅ ሴት ሆኜ ነው ያደረግሁት።

ይህን ወረቀት እናንተ ከማየታችሁ በፊት ዘሃራ ታነበዋለች፤ ነገ ጠዋት በእጄ እወስድላታለሁ። እያነበበች አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ አላለቅስም፤ እንባዬን ማንም ሊያምነው አይገባም። ይቅር በይኝ ብዬም አላስጨንቃትም። አንድ ነገር ብቻ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። አባቷ ያላጠፉትን ጥፋት «የእኔ ነው» ብለው ይዘውት ሄደዋል። የእሳቸው አልነበረም። የእኔ ነው።