የቀለህ ጉትቻ

መርካቶ ውስጥ ማስረጃ ቶሎ ካልተነሳ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል፤ መርማሪ ፖሊስ ነኝና አውቀዋለሁ። ያን ቀን ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ አንድ ተሸካሚ እግሩን በጥይት ተመትቷል። የመጋዘኑ ዘበኛ «የተኮስኩት አንዴ ነው፤ እሱንም ወደ ሰማይ!» እያለ ይምላል፣ ይገዘታል። መሬቱን ብናስስ አንድም የጥይት ቀለህ የለም።

የወዳደቀ ብረት ሁሉ የሚገባው ምናለሽ ተራ ነውና ወደዚያ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ከቀለህ ጉትቻ እየሠሩ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ጠዋት ሰባተኛ፣ ከመጋዘኑ ደጅ ተለቅሞ ነው።»

«ለምርመራ እወስደዋለሁ።»

በግርምት አዩኝ።

«ነጠላ ጉትቻ ምን ይሠራልሃል? ጓደኛውንም ውሰድ እንጂ!» ብለው ገና ያልተቀጠቀጠውን ሁለተኛ ቀለህ እጄ ላይ አኖሩልኝ።