የመቀስ አድራሻ

ሰፈሩ «መቀስ» ነው የሚላት። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍታለች፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ስለት አለው። አራት ሴቶች ቀጥራ ታሠራለች። በራሷ ፊደል የተጻፈ ነገር አያመልጣትም፤ በላቲን የተጻፈ ግን አንዲት ቃል አታነብም። ደግሞም አታፍርበትም!

አምና ለትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ጨረታ ስትመዘገብ የወንድሟን ልጅ ኢሜይል ሰጠች። «ናሙና አምጪ» የሚለው መልእክት ዘጠኝ ቀን ሳይከፈት ተቀመጠ። ጎረምሳው ረስቶት! ሥራው ለሌላ ሄደ፤ ሴቶቿም ሁለት ወር ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ። ዘንድሮ ታዲያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ ፊደሏ የተጻፈ፣ ራሷ የምታነበው የኢሜይል አድራሻ አወጣች።

በምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ የጨረታ መስኮት ጋ ደረሰች። ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጸሐፊዋ አድራሻውን ስታስገባ ኮምፒውተሩ በቀይ መለሰላት።

«አልቀበልም ይላል፣ እትዬ። የሌላ ሰው ኢሜይል ይስጡኝ።»

«የሌላ ሰውማ አምና ሰጥቼ ጉድ ሆኛለሁ! ልብስ ጠበበ ተብሎ ሰው ይቆረጣል እንዴ? ቅጹን የሠራውን ሰው ጥሪልኝ።»

«ሥራ ላይ ነው።»

«እኔስ ሽርሽር ላይ ነኝ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። አምስት ሰዓት ሲሆን ቅጹን የሠራው ራሰ በራ የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ፤ አድራሻውን አይቶ መላጣውን አከከ።

«ጥፋቱ የርስዎ አይደለም። በየቋንቋው ፊደል አድራሻ እንዲወጣ ዓለም ከተስማማ ቆይቷል። የኛ ቅጽ ነው በድሮው ደንብ የቀረው።»

«ዓለም የተቀበለው ፊደል ለናንተ መስኮት ያንሳል?»

«ኧረ አያንስም» አለና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ጸሐፊዋ እንደገና ሞከረች። ቀዩ ጠፋ፤ መቀስ ተመዘገበች። ለወንበር ጨረታ ከኋላዋ የተሰለፈው አናጢ የገዛ ልጁ ኢሜይል የተጻፈበትን ወረቀት አየት አድርጎ «ለከርሞ እኔም የራሴን አወጣለሁ» አለ።

በሳምንቱ የስፌት መኪኖቹ እየተንጫጩ ስልኳ ጮኸ። መነጽሯን ጠርጋ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ናሙናዎን ይዘው ሐሙስ ይቅረቡ።» መኪኖቹ ቆሙ። ማንም ሳይረዳት ደግማ አነበበችው፤ ደስታው እንባዋን አመጣው።

ከሰዓት በኋላ የወንድሟ ልጅ ደወለ።

«አክስቴ፣ መልእክት መጣ እንዴ?»

«ዘጠኝ ቀን ታገስ» አለችው፤ «እነግርሃለሁ።»