ለዘይነባ ያላደረስኩት ስም

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ አብሬያቸው ሰግጄ አብሬያቸው ለበላሁ ጓደኞቼም አልነገርኩም። ክርስቲያን ብሆን ኖሮ ምናልባት ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ቀለል ይለኝ ነበር። የእኛ መንገድ ግን በዚህ በኩል አቋራጭ የለውም። በእኔና በአላህ መካከል ያለውን እሱ ይምረኛል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ራሱ «አፉ ብያለሁ» እስኪል ድረስ ከአንገት አይወርድም። እኔ አንገት ላይ የሰው ሐቅ አለ። እናንተ የምታነቡት ባለሐቆቹ አይደላችሁምና ልትምሩኝ አትችሉም። ስሙኝ ብቻ።

ስሜ ሰይድ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ፤ የከባድ መኪና ጎማ እየጠገንኩ ኖርኩ። ከዚያ በፊት ሾፌር ነበርኩ፤ ዓይኔ ሲደክም መሪውን ለቀቅኩ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ የአሰብ መንገድ ገና ክፍት ሳለ፣ ሾፌሮቹ መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። የተጎዳውን ማሳከም፣ የሞተውን ቀብሮ ቤተሰቡን መደገፍ ነበር ሥራው። ስልክ ያለው እኔ ሱቅ ስለነበር የአደጋ ጥሪ የምቀበለው እኔ ሆንኩ። እያንዳንዱ ሾፌር ከፊቱ ባለው የፀሐይ መከላከያ ሥር «አደጋ ቢደርስብኝ እዚህ ደውሉ» የሚል፣ የእኔ ቁጥር ያለበት ካርቶን ይሰካል። ለእኔ ደግሞ የክፉ ቀን ሰዉን፣ አደጋ ሲደርስበት እንድጠራለት የሚፈልገውን ሰው፣ ስም ይነግረኛል። አንዱ እናቱን ይላል፣ አንዱ ወንድሙን። እንድሪስ ዘይነባን አለኝ።

እንድሪስ ሳቂታ ልጅ ነበር። ጎማውን እስክጠግንለት ድረስ ቁጭ ብሎ ያወራኛል፤ የወሬው መጨረሻ ሁልጊዜ ዘይነባ ናት። ደሴ ሆጤ ቤት ተከራይተው ነበር የሚኖሩት፤ ገና መጋባታቸው ነው።

«ሚስት ትደነግጣለች፤ ወንድምህን ብትለኝ አይሻልም?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ! እሷ ካልመጣችልኝ ሌላ ሰው ቢመጣ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ እየሳቀ።

ቃሉን አልረሳሁትም። ረስቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በእኛ አገር ሞት በስልክ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። የሞተው ሰው «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ «ተጎድቷልና ኑ» ይባላል። ሰሚው ሰምቶ ዝም ይላል፣ ሽማግሌ ይሰበስባል፣ በማለዳ ደጃፍ ተሂዶ መርዶው ይነገራል። እኔ ይህን ሥራ ስጀምር የዋህ ነበርኩ። አንድ ጊዜ «ተጎድቷል» ያሉኝን አምኜ የአንድ ሾፌር እናት ይዤ ወደ ቆላ ወረድኩ። የጠበቀን ሬሳ ነበር። እናትየዋ እዚያው አስፋልት ላይ ወደቁ፤ የሚይዛቸው ዘመድ የለ፣ የሚያለቅስላቸው ጎረቤት የለ። ስንመለስ ሽማግሌዎቹ በሰው ፊት ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። «መርዶ በመንገድ ላይ ይረዳል ወይ? አንተ ወግ የለህም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲያ እንዳይለኝ ለራሴ ማልኩ።

አልተባልኩምም። ከዚያ በኋላ «ተጎድቷል» ባሉኝ ቁጥር ሞቷል ብዬ ተረዳሁ፤ ሁልጊዜም ልክ ነበርኩ። «ሰይድ መርዶ ያውቃል» የሚባልልኝ ሰው ሆንኩ። በዚህ ሰው ይኮራል? እኔ ኮራሁ። ሲያመሰግኑኝ አንገቴን ደፍቼ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ተፈራ ነበር፤ ከእንድሪስ ጋር ተከታትሎ የሚነዳ ጓደኛው። ድምፁ በለቅሶ ተቆራርጧል።

«ሰይድ፣ እንድሪስ ተገልብጦ ተጎድቷል። ሚሌ ክሊኒክ ነን። ዘይነባን ይዘህ ቶሎ ና፤ እየጠራት ነው።»

«ገባኝ» አልኩት።

«ገባህ አይደል? ቶሎ በል!» ብሎ ዘጋው።

የገባኝ ሌላ ነበር። ሰውየው እያለቀሰ ነው፣ እንግዲህ ልጁ ሞቷል አልኩ። «እየጠራት ነው» ያለውንስ? እሱንም አጠገቡ ለሚሰሙት ሰዎች ያለው ነው ብዬ ተረጎምኩት። መልሼ መደወል እችል ነበር። የስልክ ማዕከሉን «ሚሌ አገናኙኝ» ማለት ብቻ ነበር። እጄ ስልኩ ላይ ነበረ። ለምን አልደወልኩም? «በእርግጥ በሕይወት አለ ወይ?» ብዬ መጠየቅ እንደ ጀማሪ ያስቆጥረኛል ብዬ ነው። በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ዓመት ሌላ ምክንያት ፈለግኩለት፣ አላገኘሁም።

ሱቄን ቆልፌ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጣሁ። ደሴ ደርሼ የሆጤን የቅሬ ሽማግሌዎች፣ የሰፈሩን መቀባበሪያ ማኅበር አባቶች ማለቴ ነው፣ አገኘኋቸው። አንደኛው አረጋዊ ሼህ በደንብ አዩኝና «ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«ስንት መርዶ ተቀብያለሁ ሼኻችን፤ ይጠፋኛል እንዴ?» አልኳቸው።

እሳቸው እንኳ ጠርጥረው ነበር። እኔ ነኝ አፋቸውን ያስያዝኳቸው። በነጋታው ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንሄዳለን ተባለ።

ከእነሱ ተለይቼ በሆጤ መንገድ ስወርድ ዘይነባን አገኘኋት። ግቢያቸው በር ላይ የእንድሪስን ጋቢ አጥባ ታሰጣለች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ገና ማስታወቋ ነው።

«ጋሽ ሰይድ! በሰላም ነው ደሴ የወጡት? እንድሪስ ደወለ እንዴ?»

«ደህና ነው» አልኳት። «ሚሌ ደርሷል።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ልቤን ከፍቶት ነበር።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት።

አብሽሪ! ቀትር ገና አልሆነም ነበር። ያኔ መኪና ይዘን ብንነሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደርስ ነበር። እሱ በሕይወት ነበረ። እሷ ጋቢውን ታሰጣለች፣ እሱ ይጠራታል፣ በመሐል የቆምኩት እኔ ነኝ። «አብሽሪ» ብዬ አለፍኩ።

በማለዳው ሄድን። እዚያ ደጃፍ ላይ የሆነውን አልተርክም፤ መርዶ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ ዘይነባን ይዘው ሲያስገቧት እኔ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ሬሳውን ላመጣ በኪራይ መኪና ወደ ሚሌ ወረድኩ። ስንደርስ ተፈራ ክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጧል። ተነስቶ በእኔ ትከሻ አሻግሮ መኪናው ውስጥ ያይ ጀመር።

«ዘይነባስ?» አለኝ።

«ተረድታለች። ቤት ናት።»

«ምኑን ነው የተረዳችው?»

«መሞቱን ነዋ።»

ዘመዶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ነበርና አልሰሙም፤ መቼ እንደሞተም ማንንም አልጠየቁም።

«የሞተው እኮ ዛሬ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ፀሐይ ወጥታ ነበር። እናንተ መቼ ነገራችኋት?»

እኛ «አላህ ያጽናሽ» ስንላት እንድሪስ ገና ይተነፍስ ነበር። በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብዬ ነው ያረዳሁት።

«ነገርኩህ እኮ!» ተፈራ ኮሌታዬን ያዘኝ። «እየጠራት ነው አላልኩህም? መኪና ባለፈ ቁጥር ‹መጣች?› እያለ ነው ያደረው። ሊነጋ ሲል ተስፋ ቆረጠ መሰለኝ፣ ‹ሴት ከሆነች ሐያት በሏት፣ ዘይነባን እንዲያ በልልኝ› አለኝ።»

ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ይህን ማወቅ ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ቁስሏ ላይ ቁስል መጨመር ነው» አልኩት። ኮሌታዬን ለቀቀና «እሺ፤ ስሙን ግን ትነግራታለህ» አለኝ። «እነግራታለሁ» አልኩ። ወላሂ ብዬ ማልኩለት። ተፈራ ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ ጎማ አስጠግኖ አያውቅም። መንገድ ላይ ስንገናኝ በአንገቱ ብቻ ሰላም ይለኛል።

ቀብረን ስንመለስ ዘይነባ አስጠራችኝ። «ተሰቃየ?» አለችኝ።

«አልተሰቃየም። ወዲያው ነው» አልኳት፤ ቀጥዬም «አንድ ቃል እንኳን አልተናገረም» አልኩ።

ይቺን የመጨረሻዋን ማን ጨምር አለኝ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንድ ቃል አልተናገረም ካልኩ፣ ስሙን በየት በኩል ልናገረው? ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ የሟችን አደራ በላሁ።

ልጅ ተወለደች፤ ሴት። ስም በሚወጣላት ዕለት ተጠርቼ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጥኩ። ሼኹ «ማን እንበላት?» ብለው ጠየቁ። ዘይነባ ከጓዳ ወጥታ፣ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ጋ ብዙ ያወራ ነበር። ስም አንስቶ አያውቅም? እሱ የወደደውን ባወጣላት ደስ ይለኛል።»

እዚህ ላይ ወግ ነው፣ ባህል ነው፣ ተሳስቼ ነው የሚባል ነገር የለም። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ሐያት ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ ሌላውን ሁሉ ደብቄ እንኳን ‹ድሮ ሱቄ መጥቶ እንዲህ ብሎኝ ነበር› ማለት እችል ነበር። ግን አንድ ነገር ከተናገርኩ ሌላው ተጎትቶ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። «አላነሳልኝም» አልኳት። ሕፃኗ ሰአዳ ተባለች። ቡን ጠጥቼ፣ ተመራርቄ ወጣሁ።

ማኅበሩ ዘይነባን አልተዋትም። በየወሩ የሚወጣላትን ድጋፍ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው እንዲሄድ ሲባል እንኳ «ተዉት፣ እኔ ልሂድ» እል ነበር። ኋላም እዚያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ትንሽ ሱቅ ከፈትንላት፤ ጎበዝ ነጋዴ ሆነች። በሄድኩ ቁጥር «አላህ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ለሰአዳ አባት ሆኑላት» ትለኛለች። አሜን እላለሁ። ምን ልበል ሌላ? ሰአዳም ሮጣ መጥታ እጄን ትስማለች። አድጋ፣ ተምራ፣ ዛሬ ትልቅ ልጅ ናት። በስሟ በጠራኋት ቁጥር ሌላኛው ስም አብሮ ይመጣብኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ስንቅ ግን እያደር ከበደኝ።

አሁን የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። ሾፌሮቹ ወደ ጂቡቲ መንገድ ዞረዋል፤ ሁሉም ሞባይል በኪሱ ነው፤ ለሚስቱ ራሱ ይደውልላታል። የእኔ ስልክ ድምፅ የለውም። ይህም ነገር ከእኔ ጋር ይቀበራል ብዬ ተቀምጬ ነበር።

በቅርቡ ዘይነባ ሱቄ መጣች። ከወንድሟ ጋር ሐጅ ልትሄድ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የበደለውን ሁሉ እየዞረ አፉ ያስብላል፤ እሷም ስትዞር ሰንብታ ነው እኔ ጋ የደረሰችው። ወንበር ሰጠኋት፣ አልቀመጥም አለች።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎንም በድዬዎታለሁ» አለችኝ።

«እኔን? ምን በድለሽኝ!»

«ያኔ ጋቢ ሳሰጣ ‹ደህና ነው፣ ሚሌ ደርሷል› አሉኝ። እያወቁ መዋሸትዎን ሳስብ ብዙ ጊዜ በልቤ ተቀይሜዎታለሁ። ክፉ አስቤብዎታለሁ። እርስዎ ለእኔ አዝነው እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አፉ ይበሉኝ።»

የተናገረችውን ሰማችሁ? እሷ ነች አፉ በሉኝ ያለችኝ። እኔን! በሩ ተከፍቶልኝ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ቀን አላህ ለማንም አይሰጥም። እኔስ ምን አደረግኩ? ጎማ የነካ እጄን በጨርቅ ጠረግሁና «አፉ ብያለሁ» አልኳት። «አላህ ይቀበልሽ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ መርቃኝ፣ ቀሏት ሄደች።

ለእሷ አዝኜ ነው እል ነበር፤ አልተሰቃየም ብላ ትጽናና ብዬ ነው እል ነበር። ውሸት ነው። ያዘንኩት ለራሴ ነው። «መርዶ ያውቃል» ለተባለው ሰው፣ «አባት ሆኑላት» ለተባለው ሰው ነው የሳሳሁት። አንድ ሰው በጭንቁ ሰዓት ማንን እንድጠራለት ነገረኝ፤ አልጠራሁለትም። የመጨረሻ ቃሉን በእኔ ላከ፤ ዋጥኩት። ሥራዬ ይሄው ብቻ ነበር፣ ጥሪ ማድረስ።

ዘይነባ ዛሬ መካ ናት። ሳትመለስ ብትቀርስ? እኔስ እስክትመለስ ባልቆይስ? ለዚህ ነው የጻፍኩት፤ የምሞት ከሆነ ሰአዳ ታነብላታለች። በሕይወት ከቆየሁ ግን፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት ሰው ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሲጎርፍ እኔም እሄዳለሁ። ሰዉ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ልታባርረኝ ትችላለች፤ ሐቋ ነው። ቀድሜ አፉ በይኝ አልላትም፤ እሱን ለመለመን ገና መብት የለኝም። መጀመሪያ ልጇን አስጠርቼ፣ በሁለቱ ፊት፣ ያኔ ጋቢውን ስታሰጣ ልላት የሚገባኝን ነው የምላት።

ዘይነባ፣ እንድሪስ እየጠራሽ ነበር።